ሰባት ቤት የተቆጠረለት ገደል ማሚቶ

መስከረም 24

ጎረቤቴ ጋሼ ክራር የሚጫወቱት በሁለት ቦታ ነው፤ በቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በአንድ ምግብ ቤት። በረንዳው ላይ ድምፁ ከፊት ለፊቱ ግንብ እየተመለሰ ይጣፍጣል። ምግብ ቤቱ ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መጋረጃው የበዛ ነው። ክራሩ እዚያ ሲገባ ወጥ ያልነካው እንጀራ ይሆናል ይላሉ። ባለፈው ሳምንት «ግንቡን ተሸክሜ አልሄድ» ሲሉኝ፣ እኔም አፌ አያርፍምና «ግንቡን በሳጥን አደርግልዎታለሁ» አልኩ።

ሳጥኑ እንግዲህ የሪቨርብ ፔዳል ነው፤ የገባበትን ድምፅ ሰፊ ክፍል ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባ። እጄ ላይ ያለው ቦርድ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ ዴዚ ሲድ ነው። ርዝመቱ አንድ ጣት ያህል ነው፤ እስከ 480 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ፕሮሰሰር፣ 64 ሜጋባይት የውጭ ማኅደረ ትውስታ፣ የድምፅ መግቢያና መውጫ አለው። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት የውስጥ ማከማቻ 128 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ የምጽፈው ሁሉ ተጨምቆ አንድ ጥቅል ሆኖ ነው የሚጫነው።

ሪቨርብን ከባዶ መጻፍ ይቻላል። ሒሳቡ ማንፍሬድ ሽሮደር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ካስቀመጠው መሠረት ብዙም አይርቅም። የሚያስፈራው ጆሮ ነው። የትኛው ቁጥር ድምፁን የብረት ጣሳ ውስጥ እንደሚከተው፣ የትኛው እንደሚያለሰልሰው ለማወቅ ወራት ማዳመጥ ይጠይቃል። እነዚያን ወራት ሌሎች ከፍለውባቸዋል፤ ውጤቱንም ክፍት ኮድ አድርገው ሰጥተዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ኮድ ወደ ሳጥኔ አዛውራለሁ።

ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከየት እንደመጣ ያልጻፍኩት መስመር ፕሮጀክቱ ውስጥ አይገባም። «ምንጮች» የሚል ባዶ ፋይል ከፍቼ ተኛሁ።

መስከረም 27

ሕጉን በሦስተኛው ቀን ጣስኩት።

ማታ መብራት ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ከመሄዱ በፊት አንድ ድምፅ ልስማ ብዬ ቸኮልኩ። ከአንድ ትንሽ የኮድ ማከማቻ አንድ የሪቨርብ ፋይል አወረድኩ። የማከማቻው ፈቃድ ኤምአይቲ ይላል። ኤምአይቲ ገር ፈቃድ ነው፤ የቅጂ መብት መስመሩንና የፈቃዱን ጽሑፍ አብረህ ያዝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ አድርግ ይላል። ይህን አይቼ ሌላ ሳልጠይቅ ፋይሉን ከቦርዱ ጋር አገናኘሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፅ ወጣ።

ደግሞ እንዴት ያለ ድምፅ! ከክራሩ ስድስት ክሮች አንዱን ስነካ ጭራው ወደ ኋላ እየሰፋ፣ እየለሰለሰ፣ በመጨረሻ ጭስ ይመስል ይበተናል። ጋሼን ጠራኋቸው። ሦስት ጊዜ መትተው ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄ እኮ ግንብ አይደለም፣ ገደል ነው» አሉ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልገባኝም፤ በኋላ ግን ሁለት ጓደኞቻቸውም እንዲህ ያለ ሳጥን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የጓዳ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

መብራቱም አልጠፋም። በከንቱ ነው የቸኮልኩት።

መስከረም 29

ዛሬ ዕዳዬን ልከፍል ተቀመጥኩ፤ «ምንጮች» ውስጥ የዚያን ሪቨርብ ትውልድ ልጽፍ። ከፋይሉ አናት ላይ የአንድ ሰው ስምና የቅርብ ዓመት አለ። ኮዱ ውስጥ ስገባ ግን ስምንት የዲሌይ (ድምፅ የሚያዘገዩ) መስመሮችና ስምንት ቁጥሮች ዓይኔን ያዙት፦ 2473፣ 2767፣ 3217፣ 3557፣ 3907፣ 4127፣ 2143፣ 1933። እያንዳንዳቸው ለ44100፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ላሉት የድምፅ ናሙናዎች (ሳምፕሎች) ቁጥር፣ ተካፍለው ወደ ሰከንድ ይለወጣሉ። ሁሉም ከራሳቸውና ከአንድ በቀር አካፋይ የላቸውም። እንደዚያ የሚመረጡት ማሚቶዎቹ እየተገጣጠሙ አንድ ቦታ እንዳይደመቁ ነው፤ ይህን ማንኛውም የሙያው ሰው ሊያስበው ይችላል። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት የዘፈቀደ ቁጥር መነሻዎች ግን 1966፣ 29491፣ 22937፣ 9830 እያሉ ይቀጥላሉ። ሁለት ሰዎች በየግላቸው ተቀምጠው 29491 ላይ አይገናኙም።

ፈለግኋቸው። ብዙም አላደከመኝም፤ ቁጥሮቹ ያሉት ሲሳውንድ ውስጥ ነው። ሲሳውንድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ባሪ ቨርኮ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የድምፅ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ፈቃዱ ኤልጂፒኤል 2.1 ነው፤ ከኤምአይቲ ፈቃድ የበለጠ ግዴታ ያለበት። ከኤምአይቲ የተወለደው ሁሉ የኤምአይቲ ፈቃድ የለውም፤ ስምና ስም ተገጣጥሞ ስንቱን አሳስቷል። ይህንን ሪቨርብ ኋላ ቫልሃላ ዲኤስፒ የተባለውን የሪቨርብ ሶፍትዌር ድርጅት የመሠረተው ሾን ኮስቴሎ በ1999 በሲሳውንድ ቋንቋ ጻፈው፤ በ2005 ኢስትቫን ቫርጋ ወደ ሲ ቋንቋ አመጣው። ከዚያ ሳውንድፓይፕ ወደሚባለው የሲ ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ገባ፤ ከሳውንድፓይፕ ደግሞ እኔ ወደያዝኩት ቦርድ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ዴዚኤስፒ።

እኔን ያሳፈረኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የቦርዱ ሠሪዎች ዋናው ቤተ መጻሕፍታቸው ኤምአይቲ ስለሆነ ይህንን ሪቨርብና መሰሎቹን ነጥለው ዴዚኤስፒ ኤልጂፒኤል በሚባል ሌላ ማከማቻ አስቀምጠዋቸዋል። ካልፈለግህ አይገናኝህም፤ ከፈለግህ በግንባታ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ራስህ ጽፈህ ትከፍተዋለህ። እኔ በዋናው በር ብገባ ኖሮ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። በጓሮ ገብቼ ነው ያጣሁት።

አያቶቻችን ልጅ ሲድሩ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሁለቱ ወጣቶች መዋደዳቸውን ሽማግሌው አይክድም፤ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሴት አያትህ አባት ማን ይባላል? ኮድም እንደዚያው ነው። ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈው የአባት ስም ብቻ ነው። አባትየው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያዛወረው ሰው ራሱ ያለ ራስጌ፣ ጸሐፊውንና ፈቃዱን የሚናገሩት የአናት መስመሮች ሳይኖሩበት፣ ያገኘው ይሆናል። ግን ኤልጂፒኤል በአያት በኩል ከገባ በልጅ ልጅ ፋይል ላይ ኤምአይቲ ብሎ በመለጠፍ አይወጣም። ፈቃድ የሚለውጠው ባለመብቱ ነው።

ለማከማቻው ባለቤት አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ክስ እንዳይመስል ሦስት ጊዜ አረምኩት። ቁጥሮቹን ከነመገኛቸው አስቀምጬ፣ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ራስጌ ቢመለስ መልካም ነው፣ እኔም ሳላይ ተጠቅሜበታለሁ አልኩት። ፋይሉን ከፕሮጀክቴ አወጣሁ። ሳጥኑ ዛሬ ማታ ድዳ ነው።

ጥቅምት 3

ኤልጂፒኤል 2.1ን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሁለት ሲኒ ቡና ፈጀ። ሰው ስለዚህ ፈቃድ የሚያወራው አብዛኛው ነገር የሰማውን እንጂ ያነበበውን አይደለም፤ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ።

ለእኔ ነገሩ ያለው ክፍል 6 ላይ ነው። የራስህን ሥራ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አገናኝተህ በፈለግኸው ፈቃድ መስጠት ትችላለህ ይላል። በምትኩ ግን ተቀባዩ ለራሱ እንዲለውጠው፣ የለወጠውንም ሲፈትሽ ውስጡን ገልጦ እንዲያይ መከልከል የለብህም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መኖሩን በግልጽ ታሳውቃለህ፣ የፈቃዱን ቅጂ ትሰጣለህ። ከሁሉ የከበደው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ተቀባዩ ሪቨርቡን አሻሽሎ ሳጥኑን እንደገና መገንባት መቻል አለበት። ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ጎን ይቀመጣልና ተቀባዩ ያንን ብቻ ይተካል። የእኔ ቦርድ ላይ ግን ሁሉም በ128 ኪሎባይት ጥቅል ውስጥ አብሮ ተቦክቷል። ስለዚህ ወይ ኮዴን በሙሉ መስጠት አለብኝ፣ ወይ ያልተገናኙትን የተጠናቀሩ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጡ) ፋይሎች ከግንባታ መመሪያው ጋር ማስረከብ።

የእኔን ኮድ ለመክፈት ችግር የለብኝም። የስክሪኑን ምናሌ የጻፈልኝ ጓደኛዬ ግን የሱ ክፍል ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጋር የተጋራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ተጠናቅሮ እንዲሰጥ ፈቅዶለታል፣ ኮዱ እንዲከፈት ግን አይደለም። በኤልጂፒኤል ይህ ያስኬዳል፤ የሱን ክፍል ተጠናቅሮ እሰጣለሁ። ጊታሪክስና አርዶር ከሚባሉት የድምፅ ፕሮግራሞች አንድ ተግባር ብቆርጥ ኖሮ ግን አያስኬድም፤ እነሱ ጂፒኤል ናቸው፣ ጂፒኤል ደግሞ ጠቅላላ ጥቅሉን ክፈት ይላል። ሌላም አለ፤ የቺፕ አምራቾች ከሚሰጧቸው ረዳት ፋይሎች አንዳንዶቹ «በእኛ ቺፕ ላይ ብቻ» የሚል ገደብ ይዘው ይመጣሉ፣ እንዲህ ያለው ገደብ ደግሞ ከጂፒኤል ጋር አይጋባም። እንግዲህ እዚህም ሰባት ቤት።

«ሦስት ሳጥን ለጎረቤት መስጠት ማሰራጨት ነው እንዴ?» ብሎ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ፈቃዱ ውስጥ ከስንት ሳጥን በታች ነጻ ነው የሚል ቁጥር ፈልጌ አላገኘሁም። ቅጂው ከእጄ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ተሰራጭቷል።

ወሰንኩ። ዋናው ሳጥን ይበልጥ ነጻ የሆነ ሪቨርብ ይይዛል፤ የኮስቴሎን ሪቨርብ የሚፈልግ ካለ በትክክለኛው በር አምጥቼ ሁለተኛ ግንባታ አዘጋጃለሁ።

ጥቅምት 6

ምርጫው ፍሪቨርብ ነው። ጄዛር በሚል ስም የሚታወቅ ሰው በጁን 2000 በፈረንጅ አቆጣጠር ድሪምፖይንት ውስጥ ጽፎት ኮዱ የሕዝብ ነው ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ያልገባበት ቤት የለም።

ችግሩም ይኸው ነው። ከየትኛው ቤት ልውሰደው? ሶክስ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሪቨርብ ንድፉን ከፍሪቨርብ ነው የወሰደው፤ ኮዱ ግን በ2007 እንደ አዲስ ተጽፎ በኤልጂፒኤል ወጥቷል። የድምፅ ማረሚያው ኦዳሲቲ ደግሞ ያንን ከሶክስ አምጥቶ ለራሱ አስማምቶታል። ፍሪቨርብ3 የሚባል አለ፤ ስሙ ሦስተኛ እትም ያስመስለዋል፣ እሱ ግን ብዙ ሌሎች ሪቨርቦችን የያዘ የጂፒኤል ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ድራጎንፍላይ የሚባለው ሪቨርብ የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ቁጥሮቹ ወላጁን ይናገራሉ ብዬ ነበር። እዚህ ግን በብዙዎቹ ቤት ያው የፍሪቨርብ የዲሌይ ርዝመት አለ፤ 1116 አለ፣ 1188 አለ። ቁጥሩ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይነግረኛል እንጂ የትኛው ፋይል የትኛው ፈቃድ እንዳለው አይነግረኝም። ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ነጻ አይደለም፤ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈልጌ፣ በየፋይሉ አናት ላይ የጄዛርን መስመር አይቼ፣ ጥቅሉን ሳልነካው ለብቻው አስቀመጥኩት። «ምንጮች» ውስጥ የመጀመሪያው መዝገብ ገባ።

ማንበቡ ደስ ይላል። ኮዱ አጭር ነው፣ ትዕቢት የለበትም። በየጆሮው ስምንት ኮምብ ፊልተሮች ጎን ለጎን፣ ከእነሱ በኋላ አራት ኦልፓስ ፊልተሮች በተርታ። ኮምቡን እንደ ቱቦ አስበው፤ በአንዱ ጫፍ የገባው ድምፅ በሌላው ጫፍ ሲደርስ ትንሽ ተዳክሞ እንደገና ወደ መግቢያው ይፈሳል። ሲመለስ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ቀድሞ እንዲሞት አንዲት ትንሽ ማጣሪያ መንገዱ ላይ ተቀምጣለች፤ ግድግዳና መጋረጃ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ኦልፓሶቹ ደግሞ የተለያዩትን ማሚቶዎች እንደ ጤፍ ይበትኗቸዋል። የቀኝ ጆሮ ቱቦዎች ሁሉ ከግራዎቹ በ23 ሳምፕል ይረዝማሉ። ድምፁ ሰፊ ሆኖ እንዲሰማ የሚያደርገው ይህች ብቻ ናት።

ጥቅምት 9

ቁጥሮቹ የተመረጡት በሰከንድ 44100 ሳምፕል ለሚሄድ ድምፅ ነው። የእኔ ቦርድ በ48000 ይሄዳል። ባልነካቸው ምን ይሆናል ብዬ ሞከርኩ። ቱቦዎቹ በጊዜ ሲለኩ ስምንት በመቶ ያጥራሉ፤ ክፍሉ ይጠባል፤ በጭራው ውስጥ ያለችው የብረት ቃና አንድ ተኩል ሴሚቶን ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ከፍ ትላለች። ለፒያኖ ምናልባት አያስታውቅ ይሆናል። ክራር ግን ሲመታ እንደ ጠጠር የሚጥል መሣሪያ ነው፤ አንዲት አጭር ምት ቱቦዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ታንኳኳለች። ልዩነቱን ጋሼ ሳልነግራቸው ያዙት፤ «ጣሳ አስገባህበት» አሉኝ።

ስለዚህ ሁሉንም አባዛሁ። 1116 ተጠጋግቶ 1215 ሆነ፣ 23ቷ 25። 1617 ሳይጠጋጋ 1760 ሆኖ ቁጭ አለ፤ በሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለች ትንሽ ስጦታ ስትገኝ ለምን ደስ እንደሚለኝ አላውቅም። ጠቅላላው ወደ 27700 ሳምፕል፣ 111 ኪሎባይት አካባቢ ነው፤ የውጭው ማኅደረ ትውስታ አይሰማውም።

አንድ ሌላ ነገር ለወጥኩ። የጥንቱ ኮድ ወደ ዜሮ የተጠጉ ደቃቅ ቁጥሮች ፕሮሰሰሩን እንዳያንቀራፍፉ የምትጠብቅ ዘዴ አለችው፤ አስርዮሹን ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር አስመስላ ታነብና ቢቶቹን ትመረምራለች። በ2000 ይህ የተለመደ ብልጠት ነበር። የዛሬ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ግን አንድን ቦታ በሁለት ዓይነት ስም ማንበብን እንደ ስህተት ቆጥሮ እንዳሻው ሊያደርገው ይችላል። በፍጹም ዋጋ ማነጻጸሪያ ተካኋት፦ ከዚህ ካነሰ ዜሮ አድርገው።

ጥቅምት 12

ዛሬ ፈተና ነው። የመጀመሪያውን ፍሪቨርብ ሳልነካው በኮምፒውተሬ ላይ በ44100 ገነባሁ፤ የእኔንም ለፈተናው ብቻ በ44100። ለሁለቱም አንዲት ዲጂታል ጭብጨባ ሰጠሁ፤ አንድ ሳምፕል ሙሉ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ሁለቱ መውጫዎች አንድ መሆን አለባቸው።

አልሆኑም። በመጀመሪያው ኮድ የግራ ጆሮ ከ1116ኛው ሳምፕል ጀምሮ ይሰማል፤ አጭሯ ቱቦ ያን ያህል ናትና። የእኔ ግን በ1117 ይጀምራል። አንዲት ሳምፕል! በጆሮ ፈጽሞ አትሰማም። ሁለት ሰዓት ፈለግኳት። ጠቋሚው ከቱቦው ጫፍ ሲደርስ ወደ መጀመሪያ የሚመለስበትን ሁኔታ «ከርዝመቱ ቢበልጥ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ የጄዛር «ቢበልጥ ወይም እኩል ቢሆን» ይላል። አንዲት የእኩል ምልክት። የዘገየችው ሳምፕል ምንም አይደለችም፤ ያስደነገጠኝ ጠቋሚው በየዙሩ ከቱቦው ውጭ አንድ እርምጃ እየወጣ የሌላውን ማኅደረ ትውስታ መጻፉ ነው። ቦርዱ ላይ ብጭነው ኖሮ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በዘፈን መሐል፣ ሳጥኑ እንደ አበደ ሰው ይጮህ ነበር።

ካረምኩት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ ገጠሙ። ቦርዱ ላይ በመጨረሻዎቹ ቢቶች ትንሽ ይለያያሉ፤ ፕሮሰሰሩ ማባዛትና መደመርን በአንድ ጊዜ አዋህዶ ስለሚሠራ አጠጋጉ ሌላ ነው። ይሁን።

ጥቅምት 15

ቦርዱ ላይ ጭኜ ክራሩን ሰካሁ። ገደሉ ውስጥ ንብ አለ። እዝዝዝ የሚል፣ ክራሩ ዝም ሲል እንኳ የማይሞት።

ኮዱን ጠረጠርኩ፤ ኮዱ ንጹሕ ነው። ፍሪቨርብ የግራና የቀኝ መግቢያን ደምሮ በ0.015 አባዝቶ ነው ወደ ቱቦዎቹ የሚልከው። ክራሩ የተሰካው ግራ ላይ ነው፤ ቀኙ ክፍት ነው፣ ምንም አልተሰካበትም፣ እንደ አንቴና ሆኖ ከግድግዳው የመብራት መስመር የ50 ኸርዝ ንዝረቱን እየለቀመ ያስገባል። ሪቨርቡም ክራር ይሁን የመብራት መስመር አይመርጥም፣ ሁሉን ያስተጋባል። ሁለት መድኃኒት አደረግኩ። በኮዱ ግራን ብቻ ወስጄ ማባዣውን 0.03 አደረግሁት። በብየዳ ደግሞ የቀኙን ሶኬት፣ ገመድ ሳይገባበት ሲቀር ራሱን ከመሬት ጋር በሚያገናኝ ጃክ ቀየርኩት። ንቡ ሄደ፤ በጣም ጸጥ ባለ ክፍል ግን አሁንም አንድ ቀጭን ክር የምትመስል ድምፅ አለች፣ ምናልባት ከኃይል አቅራቢው።

ጥቅምት 18

የክራሩ ገላ ሲነካ «ድም» የምትል ወፍራም ድምፅ አለች፤ በሪቨርብ ውስጥ ስትገባ ጭቃ ትሆናለች። ከቱቦዎቹ በፊት ዝቅተኛውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በአንድ የድሮ የድምፅ ኮድ ስብስብ ውስጥ ልክ የምፈልገውን የሚመስል አሥራ አምስት መስመር አገኘሁ። የጸሐፊው ስም የለም፣ ፈቃድ የለም፣ «ይጠቅማችሁ» የሚል ቃል ብቻ አለ። ብዙ ሰው ይህንን «ነጻ ነው» ብሎ ይተረጉማል። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ግን ያልተፈቀደ ኮድ ነው፤ መብቱ እንዳለ ከጸሐፊው ጋር ነው። ይጠቅማችሁ ማለት አንብቡት ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሽጡት ማለት ሊሆን ይችላል፤ የምጠይቀው ሰው የለም። ተውኩት።

ሒሳቡ ግን የማንም አይደለም። የእኛም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ከሚጠበቁ ሥራዎች ጋር ይቆጥረዋል፤ ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴንና ቀመርን ግን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። ሮበርት ብሪስቶው ጆንሰን ያዘጋጀው የታወቀ የማጣሪያ ቀመሮች ስብስብ አለ፤ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ቀመሩን ከዚያ ወስጄ፣ ያንን አሥራ አምስት መስመር ዘግቼ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት መስመር ወጣኝ። የእኔ ይረዝማል፤ የእኔ ነው።

ጥቅምት 22

የወረቀት ቀን። በየፋይሉ አናት ላይ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ፈቃድ እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር አስገባሁ፤ ኤስፒዲኤክስ የሚባለውን አጻጻፍ ስለተከተልኩ ማሽንም ሰውም ያነበዋል። የቦርዱ ቤተ መጻሕፍት ኤምአይቲ ስለሆነ የቅጂ መብት መስመሩና የፈቃዱ ጽሑፍ ሳይቆረጥ ገባ። ፍሪቨርብ ምንም አይጠይቅም፤ ቢሆንም የጄዛርን ስም፣ የወሰድኩበትን ቀን፣ የለወጥኳቸውን ነገሮች ጻፍኩ። ስም ማንሣት ዋጋ የለውም፣ አለማንሣት ግን ያስከፍላል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደኔ ቁጥር ሲያሳድድ ያድራል።

ሁለተኛው ግንባታ፣ የኮስቴሎና የቫርጋ ሪቨርብ ያለበት፣ ለብቻው ፎልደር ተሠራለት። ከዴዚኤስፒ ኤልጂፒኤል በቀጥታ የመጣ፣ የፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ አብሮት ያለ፣ ከጓደኛዬ የተጠናቀሩ ፋይሎች ጋር። ዳግም መገንባቱ በእውነት መሥራቱን ለማየት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከባዶ ሞከርኩት። በመጀመሪያው አልተሳካም፤ መመሪያው ውስጥ የኮምፓይለሩን እትም ረስቻለሁ። ባልሞክረው ግዴታዬን በወረቀት ብቻ ተወጥቼ ነበር።

ኤልጂፒኤል የለወጥከው ፋይል ላይ መለወጥህንና ቀኑን ጻፍ ይላል። እኔም በልማዴ «ጥቅምት 22 ቀን 2018» ብዬ ጽፌ ልዘጋው ስል ቆም አልኩ። የፈረንጁ አንባቢ 2018ን ሲያይ ኮዱ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሳጥኑ ሳይታሰብ የተለወጠ ይመስለዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስገባሁ።

ጥቅምት 26

ከማከማቻው ባለቤት መልስ መጣ። እሱም ፋይሉን ከሌላ ሰው ሲያገኘው ራስጌው አልነበረም። አሁን የሁለቱን ጸሐፊዎች ስም መልሶ፣ ፋይሉን ወደ ኤልጂፒኤል አዛውሮ፣ ማስተካከያውን ለጥፏል። አመስግኖኛል። ያንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ማረሜ አልቆጨኝም።

ጥቅምት 29

ሳጥኑን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ሦስት የሚዞሩ ቁልፎች አሉት፤ የክፍሉ ስፋት፣ የድምፁ ልስላሴ፣ የገደሉ መጠን። ሲበራ ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ስሞቹን ያሳያል።

«ይሄ ጄዛር የሚባለው ማን ነው?» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው።

«ገደሉን የሠራው ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። የማንም ይሁን ብሎ ነው የሰጠው።»

«ታዲያ የማንም ይሁን ካለ ስሙን ለምን ጻፍክ?»

መልስ ስፈልግ ክራሩን አንሥተው ቅኝቱን ማስተካከል ጀመሩ። የክፍሉን ስፋት መሐል ላይ አደረግሁላቸው። መሐሉ ላይ ከቱቦው ጫፍ በየዙሩ የሚመለሰው የድምፅ ድርሻ 0.84 ነው፤ ልስላሴውን ሳልቆጥር በእኔ ስሌት ጭራው አንድ ሰከንድ ከሩብ ገደማ ይቆያል። እሳቸው ቁልፉን ይዘው እስከ ጥግ አዞሩት፤ እዚያ 0.98 ነው፣ ከአሥር ሰከንድ በላይ። አንዴ መትተው ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው እስኪሞት ድረስ አዳመጡ። ከዚያ ከመሐል በታች መለሱትና ሙሉ ዘፈን ተጫወቱ።

ሲጨርሱ ጣሳውን ማን እንደሰማው አስታወሱኝ። ከጄዛርና ከእኔ ስም ቀጥሎ የእሳቸውም ይግባ አሉ፤ ጆሮም ሥራ ነውና። ትክክል ናቸው። ማታ ቤት ገብቼ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ «ምንጮች» ውስጥም ጻፍኩት። ያቺ ቀጭን ክር የምትመስለው ድምፅ ግን አሁንም አለች፤ ነገ ሌላ ኃይል አቅራቢ እሞክራለሁ።